ተመላሽ ካርድ

የእንቁጣጣሽ ለት ጠዋት በር ሲንኳኳ አባወራ መጀመሪያ የሚዳብሰው ኪሱን ነው። ሥዕሉን የሚያየው ኋላ ነው፣ ካየውም። በእኛ ልጅነት አንድ ሥዕል ስሙኒ ያወጣ ነበር። መልአክ ካለበት ሽልንግ። መልአኩን የምንገለብጠው በካርቦን ወረቀት ስለሆነ የደሴ መላእክት ሁሉ አንድ መልክ ነበራቸው። ሁሉም ወደ ግራ ነው የሚያዩት። ሴቶቹ ደግሞ አበባየሆሽ እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ማንም የማንንም ገበያ አይሻማም ነበር።

አሁን ሠዓሊነቱ ወደ ወላጅ ዞሯል። ገና ሁለት ዓመት የደፈነች ልጅ ያለችው ሰው «ካርዱን ከልጄ ጋር በእጃችን ነው የሠራነው» ካላለ ወላጅም አይባል። ስልኬ ላይ ቪዲዮው ሞልቷል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ሕፃን እጇን ቀለም ውስጥ ትነክራለች፣ ወረቀት ላይ ታሳርፋለች፣ አበባ ይሆናል። ሸሚዙ እንደነጣ ነው። ያቺን ሕፃን ከየት እንዳመጧት ፖሊስ ቢጠይቅልን ደስ ይለኛል።

ጳጉሜ ላይ ባለቤቴ በዓሉን ልታሰናዳ ጓዳ ስትገባ «ልጅቷን ያዝልኝ» አለች። ውጭ ዝናብ ነው። የጦሳ ተራራ ከነአናቱ ጉም ውስጥ ገብቷል። ካርቶንና ኮላውን ከፒያሳ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ቀለሙን ግን ከጓዳ ነው ያወጣነው፤ በዚህ ዕድሜ ቀለም መጀመሪያ የሚሞከረው በምላስ ነዋ። ለአደዩ እርድ በውሃ በጠበጥን። ለቀዩ ቀይ ሥር ቀቀልን።

ስለ እርድ አንድ ነገር ልበል። እርድ ወረቀት ላይ ያምራል። ግድግዳ ላይም ያምራል። የባለቤቴ ነጠላ ላይ ደግሞ ሲያምር ይኖራል። ሳሙና አይደፍረውም። የሚያደበዝዘው ፀሐይ ነው። ደሴ ላይ በዚያ ሰሞን ፀሐይ ያየ ሰው ካለ ነጠላውን ልስደድለት።

ልጄ እጇን እርዱ ውስጥ ነከረች። እስከዚህ ከቪዲዮው ጋር እኩል ነን። «ወረቀቱ ላይ አድርጊ» ስላት ፀጉሯ ላይ አደረገች። ቀጥሎ ጉንጬ ላይ። ከዚያ ኮላውን አንስታ ልትጠጣው ስትል ቀማኋት፣ አለቀሰች። ማባበያ ከለር ሰጠኋት። እንደ ዘነዘና ጨብጣ ካርቶኑን ወቀጠችው። የሕፃናት ሐኪሞች እንደሚሉት ልጅ በዚህ ዕድሜ ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ከትከሻው ነው። ጣቱ ገና አልሠለጠነም። ክብ መሣል የሚመጣው ሦስት ዓመት አካባቢ ነው። አደይ አበባ ደግሞ መሐሏ ክብ ነው። ታዲያ ምን ይደረግ? ክቡ ዓመት ይፈልጋል፣ በዓሉ ነገ ነው።

እሷ ድመቷን ለማየት ዞር ስትል ክቡን እኔ ሣልኩት። የልጅ እንዲመስል ትንሽ አጣመምኩት። ዕድሜ ልኩን ሪፖርት ጽፎ በአለቃው ስም ሲወጣለት የኖረ ሠራተኛ ይሄ ምኑ ይከብደዋል? የአሁኗ አለቃዬ ቢያንስ ስብሰባ አትጠራም። «ደግመህ አምጣው» ብትልም ወረቀቱን ቀዳ ነው፤ ቁርጡ ይታወቃል።

ውስጡን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍኩ። «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ። 2018 የሰላም ዓመት ይሁንልን።» የካርድ ቃል ብዙ ጊዜ ለወጉ ነው የሚጻፈው። ሰላም የምትለዋን ቃል ግን ወሎ ላይ ማንም ለማሟያ አይጽፋትም።

አመሻሽ ላይ ደህና ሆኖ የተረፈው አንድ ካርድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ላይ ቀይ ሥሩ ተደፍቷል። አንዱን በከፊል በልታዋለች። አንድ ካርድ፣ ሙሉ ሰፈር ጎረቤት።

መስከረም አንድ ጠዋት መጀመሪያ እማማ ቤት ገባን። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ከሰሉ ተያይዟል። ልጄ ካርዱን ዘረጋች። እማማ መነጽራቸውን አድርገው እርዱን አተኩረው አዩት።

«ራጉኤልን ነው የሣለችው» አሉ። «ክንፉን አየኸው? ዛሬ በዓሉ አይደል!»

እውነትም መስከረም አንድ ራጉኤል ነው። ክንፍ ያሉት የክርኗ ዱካ እንደሆነ ግን ማን በዓመት በዓል ይናገራል? ከመቀነታቸው ሃምሳ ብር ፈትተው ሰጧት። ካርዱን ቡፌው ላይ ሊያቆሙት እጃቸውን ሲሰዱ «የኔ!» ብላ ሸሸገችው። ሃምሳ ብሩን ለእኔ አቀበለችኝ። እሱን አልፈለገችውም።

ወሎ የአበጋሮች አገር ነው። ተቀምጠው ዱዓ አድርገው፣ ገዳይና ሟች ወገንን አስታርቀው ደም ያደርቃሉ። የሁለት ዓመት ልጅ «የኔ» ያለችውን ነገር ማስለቀቅ ግን ለአበጋርም የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ያችኑ ካርድ ይዘን ቀጠልን።

ጡረተኛው መምህር ጂኦግራፊ ነው ያስተማሩት። ካርዱን ከራቅ አድርገው ያዙት።

«ይሄ ጦሳ ነው። ይሄ ቀዩ ደግሞ ሐረጎ። መጠማዘዣዎቹን አንድ ባንድ ይዛቸዋለች!»

ወደ ኮምቦልቻ በዚያ መንገድ የወረደ ሁሉ እንደሚያውቀው የሐረጎን መጠማዘዣ አንድ ባንድ የሚይዘው ሆድ ነው። ካርዱ ላይ ያለው ጠብ ጠብ ያለ ቀይ ሥር ነው። መምህሩ ግን «ለመሆኑ ወስዳችሁ አሳይታችኋታል?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ» አልኩ። እሳቸውም ከፍለው አዩ፣ ካርዱ ተመለሰ።

ሀጂ ቤት ስንደርስ ቡናው ቶና ላይ ነው። ያን ዓመት መውሊድና እንቁጣጣሽ ተከታትለው ስለገቡ ሀጂ ከጀማ ንጉሥ መውሊድ ከተመለሱ ሳምንት አልሞላቸውም። ድምፃቸው ገና ከመንዙማው አልተመለሰም። በዚያው በሻከረ ድምፅ የካርዱን ጽሑፍ አነበቡ። ማርቆስ ላይ ሲደርሱ «አሚን» አሉ። ቀጥለው «ማርቆስ ከሆነ ጳጉሜ አምስት ናት። ስድስተኛዋ ለሉቃስ ናት» ብለው አስታወሱኝ። ሱቅ ያለው ሰው የቀን ሒሳብ አይሳሳትም። ከዚያ ጣታቸውን የከለሩ ጭረት ላይ አሳረፉ።

«አንተ ሥዕል ትላለህ፤ ልጅቷ እየጻፈች ነው። ከየት እንደጀመረች አታይም? ከቀኝ እኮ ነው!»

ወሬው ከእኛ ቀድሞ እማማ ዘንድ ደርሷል። «ሀጂ ራጉኤልን የቁርኣን ቂርኣት ሊያስገቡት ነው እንዴ?» ብለው መሳቃቸውን ኋላ ሰማሁ።

ሀጂ መቶ ብር ሰጧት፣ ዱዓ አደረጉላት፣ ካርዱን ሊቀበሏት ተጠጉ።

«የኔ!»

መቶ ብሩ እኔ እጅ ገባ። ሀጂ ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ካርዱን አዩ።

«ዕቃው ሳይወጣ ገንዘቡ ገባ» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ስነግድ ይቺን ዘዴ አላገኘኋትም። ማሻአላህ!»

ስንወጣ የሰፈሩ ልጆች በሩ ላይ ቆመዋል። የእነሱ ሥዕል ፎቶ ኮፒ ነው። ለአንዱ ቅጂ ይከፍላሉ፣ ሰጥተው ይሄዳሉ፣ የሚያገኙት አሥር ብር ነው፤ እሱንም «ዝርዝር የለኝም» የሚላቸው አለ። ከእማማ ቤት ጀምረው ሲከታተሉን ቆይተው ኖሯል።

«ጋሼ፣ እኛ ወረቀት ጨርሰናል» አለ ትልቁ። «እሷ ግን ያንኑ ነው የምታዞረው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እስከ ማታ ለኛ ይስጡንና እኩል እንካፈል።»

እናቷን ጠይቁ አልኳቸው። ግር ብለው እኛ ቤት ገቡ። ባለቤቴ ድፎውን እየቆረሰች ነበር። ፀጉሯ እንደቢጫው ያለውን ልጇን አየች፣ ልጆቹን አየች፣ ያልጠበቅኩትን ነገር ጠየቀቻቸው።

«ዳይፐር መቀየር የሚችል አላችሁ?»

እርስ በርስ ተያዩ። ትልቁ ጣራውን ማየት ጀመረ። ትንሹ ግን ቀድሞ አስቦበት ኖሮ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ጋሼ ይችላሉ። እሳቸውም ይምጡ። ድርሻ ግን የላቸውም።»