ተኝተህ ነበር እንዴ?

ከሁለት ሳምንት በፊት በዋለው እሑድ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ መርካቶ የሚነግዱ የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ ሲሆኑ፣ ከሰላምታ አስቀድመው «ተኝተህ ነበር እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ዐይኔ ገና አልተገለጠም፤ ድምፄም ከትራሱ ሥር የሚወጣ ይመስላል። ሆኖም ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ «ኧረ አልተኛሁም ጋሼ፣ ከተነሣሁ ቆየሁ» አልኳቸው። ዕድሜዬን ሙሉ በሐሰት የሚመሰክሩ ሰዎችን በመስቀለኛ ጥያቄ ሳፋጥጥ የኖርኩ ጠበቃ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ማንም ሳያስምለኝ በሐሰት መሰከርኩ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ንዴቱ መጣ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ800 በላይ አንቀጾች አሉት፤ በእሑድ ማለዳ መተኛትን የሚከለክል ግን አንድም አላገኘሁበትም። እንዲያውም ሕጉ የቆመው ከእንቅልፍ ወገን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኛ የዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ እንዲኖረው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ሰጥቶ፣ ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥን በመርሕ ደረጃ ይከለክላል። እኔ ራሴ ይህን ጠቅሼ ፈቃድ ለተነፈጉ ሠራተኞች ተከራክሬ አስፈርጃለሁ፤ የክርክሩን ማመልከቻ የጻፍኩት ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር። የግል ጠበቃ አሠሪውም ሠራተኛውም ራሱ በመሆኑ፣ ዕረፍት ነፈገኝ ብሎ ልክሰስ ቢል እንኳ ለሁለት ተቃራኒ ወገኖች መቆምን የሥነ ምግባር ደንባችን ይከለክለዋል።

ለነገሩ የሙያው ስም ራሱ ትንቢት ነው። «ጠበቃ» የሚለው ቃል «ጠበቀ» ከሚለው ግስ ሲወጣ ደንበኛውን ከጥቃት የሚጠብቅ ለማለት ታስቦ ይሆናል፤ በተግባር ግን ችሎት የሚጠብቅ ማለት ሆኖ ቀርቷል። ስሙን በማልጠራው አንድ ፍርድ ቤት፣ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ለ3 ሰዓት ቀጠሮ ተሰጥቶኝ እስከ 6 ሰዓት ተኩል ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ። የአግዳሚው አንድ እግር አጭር ስለነበር ብዙ ጊዜ በታጠፈ ወረቀት ተደግፏል፤ ጎንበስ ብዬ ሳየው ወረቀቱ የአንድ ሰው መጥሪያ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ ብቅ ብላ «ዳኛው ስብሰባ ናቸው» አለችና ከሁለት ወር በኋላ ላለ ቀን ተለዋጭ ቀጠሮ ነገረችን። ይህን ቂም እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። ከዚያ የባሰው ግን ማታ ባለቤቴ «ቁጭ ብለህ ከዋልክ ምን አደከመህ?» ማለቷ ነው።

አያቴ ሲናገሩት ጆሮዬ ውስጥ የቀረ ተረት አለ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል። ይህን ተረት ከማንኛውም የሕግ መርሕ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ደርሶብኛል። ለእኚሁ የመርካቶ ደንበኛዬ የመጋዘን ኪራይ ክስ ሳዘጋጅ ሁለት ሌሊት ተከታትዬ አልተኛሁም ነበር። በክሱ መጨረሻ «ተከሳሽ ወጪና ኪሳራ እንዲከፍል ይወሰንልኝ» ብዬ መጻፍ ሲገባኝ፣ «ከሳሽ ወጪና ኪሳራ እንዲከፍል ይወሰንልኝ» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም አድርጌ ለሬጅስትራር አስገባሁ። አንዲት «ተ» ብቻ ናት የጎደለችው። በችሎቱ ቀን የተከሳሽ ጠበቃ በታላቅ ትሕትና ተነሥቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የከሳሽን የመጨረሻ ጥያቄ አንቃወምም» አለ። ዳኛዋ መዝገቡን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ። ደንበኛዬ ግን ምንም የሚያስቅ ነገር አልታያቸውምና ጆሮዬ ሥር «የምከፍለው እኔ ነኝ?» እያሉ ሲጠይቁኝ ላቤ ክራቫቴን አራሰው። ክሱን አሻሽለን ነገሩን አተረፍነው፤ ተረቱ ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

እንግዲህ ዕረፍት አልተሰጠንም እንዳልል፣ በክረምቱ ነሐሴ ሲገባ ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘግተው አስቸኳይ ጉዳይ የሚያይ ተረኛ ችሎት ብቻ ይቀራል። ባለፈው ክረምት አንድ ታላቅ ባልደረባችን ከቤተሰቡ ጋር ላንጋኖ ወርዶ ነበር። ፎጣውን ረስቶ ሲሄድ አራት መዝገብ በፌስታል መያዙን ግን አልረሳም። ልጆቹ ቡናማው ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ እሱ ዣንጥላ ሥር ተቀምጦ፣ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ ከተሰጡት 60 ቀናት ስንት እንደቀሩት በጣቱ ይቆጥር ነበር። ሲመለስም በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ባለች ቡና ቤት ተቀምጦ «ዕረፍት የሚባል ነገር አላየሁም» ሲል ነገረን፤ የነገረን ግን እንደ ሐዘን ሳይሆን እንደ ሹመት ነው። ወዲያው አንዱ «እኔስ ከ3 ሰዓት በላይ ከተኛሁ ወር አልፎኛል» አለ፤ ሌላው «አንተስ ተኝተሃል» ብሎ አሸነፈው። ይህን ስሰማ በእውነት ያንገሸግሸኛል። ሰው የሚከፍለን ለቀላው ዐይናችን አይደለም። በእንቅልፍ ጠኔ የተጻፈ ማመልከቻ የሰው ቤትና መሬት ይዞ ሊጠፋ ይችላል፤ እኛ ግን እንደ ሜዳልያ ደረታችን ላይ እንሰቅለዋለን። እኔም በዚያች ቡና ቤት ዝም አላልኩም፤ «እኔም ትናንት ነጋብኝ» ብያለሁ። በማግስቱ ሳስበው ግን በደንብ ተኝቼ ነበር ያደርኩት።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ባለፈው እሑድ፣ በዚያው ሰዓት፣ እኚያው ሰው ደወሉ። «ተኝተህ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስዘጋጅ ሰንብቼ ነበርና ድምፄን ሳልጠርግ «አዎ ጋሼ፣ ተኝቼ ነበር» አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በእውነተኛ ሐዘን «ውይ፣ ይቅር በለኝ ልጄ፣ አላወቅኩም» አሉና ትንሽ ቆይተው ቀጠሉ፦ «እንግዲህ አንዴ ከነቃህማ፣ የዚያ የመጋዘኑ ነገር...»