አይጠየፍ ግብር

ደሴ ስለ ግብር አስተማሪ አያሻትም። ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ግብር ሊያበሉበት ነው። ስሙ እንደሚለው ሀብታም ድሃ ሳይባል ሁሉም ገብቶ ይበላ ነበር። እኛም ወጉን አልጣልንም። የዛሬውም ግብር ማንንም አይጠየፍም። በተለይ ድሃን። መብሉ ብቻ ነው የቀረው።

ምስክሬ ጎረቤቴ ናት። ሰኞ ገበያ አጠገብ ላስቲክ ወጥራ ቡና ታፈላለች። በ2009 ለግብር የነጋዴው የቀን ገቢ ግምት ሲሠራ ገማቾቹ የደረሱት የበልግ ዝናብ ሲወርድ ነበር። (ዝናብ ከሥራ የማያስቀረው ሠራተኛ ይባረክ!) ላስቲኩ ሥር 14 ሰው ተጠልሏል። አንድ በአንድ ቆጠሩት።

«ኧረ ዝናቡ አባሯቸው ነው፣ ወላሂ!»

«እትዬ፣ እኛ የምንጽፈው ያየነውን ነው።»

ሲኒዋ ስድስት ነው። 14 ሰው በስድስት ሲኒ ሲጠጣ የሚያይ ዓይን! ለሐኪም ቤት ቢሰጡን ኖሮ ራጅ ባላስፈለገን።

ይኸው ዓይን ፒያሳ ሲደርስ ግን ጨዋ ይሆናል። አንጋጦ የሰው ፎቅ መቁጠር ነውር ነዋ! ባለ ሕንፃው የኪራይ ውሉ ላይ ያሰፈራትን ሚጢጢ ቁጥር አምኖ ይመለሳል። እኛም ብንሆን ጨዋዎች ነን። ትልቅ ሱቅ ገብተን «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ስንባል መርቀን እንወጣለን። መንገዱ ለምን ተቦረቦረ ብለን የምናማርረው ከሰዓት በኋላ ነው።

ወደ ኮምቦልቻ ልውረድ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው በዚያው በ2009 ሐምሌ ነው፤ የየከተማው ባለሱቅ በግምቱ ሲጮህ። ፓርክ ለገባ ባለሀብት ለዓመታት የገቢ ግብር እፎይታ አለው። እንግዳ ነው፣ ወሎ ደግሞ እንግዳ ያከብራል። በወር 1,000 ብር ይከፈላት የነበረች የስፌት ሠራተኛ ግን የቤት ልጅ ናት። ከ600 ብር በላይ ያለው ደመወዝ ይገበርበት ስለነበር 40 ብሯ በየወሩ ይቆረጥ ነበር። የቤት ልጅ መታዘዝ አለባት።

ያቺ 600 ብር ራሷ ሐውልት ይገባታል። ከ2008 ጀምሮ ዘይት ሲንር፣ ሽንኩርት ሲንር፣ የቤት ኪራይ ሲንር እሷ ንቅንቅ አላለችም። በ2017 ነው 2,000 የሆነችው። ከፍተኛው የደመወዝ ግብር፣ 35 ከመቶው፣ ደግሞ ከ14,000 ብር በላይ ይጀምርና እዚያው ይቆማል። 15,000 ብር ደመወዝተኛና ግማሽ ሚሊዮን ብር ደመወዝተኛ ለመጨረሻዋ ብር የሚከፍሉት እኩል ነው። ሳሙና ሲገዙም ሁለቱም 15 ከመቶ ቫት። አይጠየፍ አላልኳችሁም?

ጎረቤቴ ዛሬም እዚያው ናት። ዝናቡ ሲጀምር መንገደኛው ወደ ላስቲኩ ይሮጣል። እሷም ረከቦቱን ይዛ ከፊት ትቆማለች።

«ጠጪ ብቻ!»