ማስተካከያ፦ ስለ ኬሬስ ክሮስቢ ፓተንትና ማተሚያ ቤት

በስፋት የተጋራ አንድ ጽሑፍ፣ አሜሪካዊቷ ኬሬስ ክሮስቢ የጡት ማስያዣ ፓተንቷን (የፈጠራ ባለቤትነት መብቷን) ለዋርነር ብራዘርስ የፊልም ኩባንያ ሸጣ ባገኘችው ሀብት ፓሪስ ውስጥ አሳታሚ ድርጅት እንዳቋቋመች፣ ድርጅቱም ባሏ ሲሞት እንደተዘጋ ይገልጻል። ሦስቱም ስሕተት ናቸው።

በአሜሪካ የፓተንት መዝገብ እንደሰፈረው፣ መብቱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1914 በትውልድ ስሟ በሜሪ ጃኮብ ተመዝግቧል፤ የገዛውም በኮኔቲከት ግዛት፣ ብሪጅፖርት ከተማ የነበረ ዋርነር ብራዘርስ የተባለ የኮርሴት (የወገብ ማጥበቂያ የውስጥ ልብስ) አምራች ሲሆን፣ ተመሳሳይ ስም ያለው የፊልም ኩባንያ የተቋቋመው ገና በ1923 ነው። ስለ ሕይወቷ የተጻፉ መጻሕፍት እንደሚያመለክቱት የሽያጩ ዋጋ 1,500 ዶላር ነበር፤ በ1927 የተመሠረተው የኅትመት ሥራም በዋነኛነት የቆመው በሁለተኛ ባሏ፣ የቦስተን ባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ በነበረው በሃሪ ክሮስቢ ገንዘብ ነው።

ሃሪ በዲሴምበር 1929 ኒውዮርክ ውስጥ ከፍቅረኛው ጋር በጥይት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። አሳታሚ ድርጅቱ ብላክ ሰን ፕሬስ ግን አልተዘጋም፤ ኬሬስ ሥራውን ብቻዋን ቀጥላ በ1930 የአሜሪካዊውን ገጣሚ የሃርት ክሬንን «ድልድዩ» የተሰኘ ረጅም ግጥም አሳትማለች። የተሳሳተው ጽሑፍ ከሁሉ በላይ የሚሰውረው ይህንኑ የአሳታሚነት ድርሻዋን ስለሆነ፣ ያጋሩት ሰዎች ይህን ማስተካከያ አብረው እንዲያያይዙ ይጠየቃሉ።