ቀይ ቀበሮን ለማዳን ከእረኛው ውሻ እንጀምር

ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ብቻውን ነው። በባሌ ተራሮች ሳነቴ አምባ፣ ከባሕር ወለል በላይ 4 ሺህ ሜትር ላይ፣ ከፍልፈል ጉድጓድ አፍ ሆዱን መሬት አስነክቶና ጆሮውን ቀስሮ ሲጠብቅ ይታያል። ኑሮው ግን የመንጋ ነው። ጎህ ሲቀድ ይሻሻሉ፣ ይላላሳሉ፣ ከዚያም አብረው የግዛታቸውን ወሰን ይዞራሉ። አንዱ ሲታመም መንጋው የሚያልቀው በዚሁ መቀራረብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ውስጥ ወዳለው ዌብ ሸለቆ ሲገባ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ። ቫይረሱን ያደረሰባቸው ውሻ ነው። ከዚያም በኋላ ይኸው በሽታና ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታ እየተፈራረቁ ተመላልሰዋል።

ይህ እንስሳ መጠባበቂያ የለውም። አያቶቹ ከዩራሲያ ወደ ደጋችን የዘለቁ ተኩላ መሰል እንስሳት ሲሆኑ፣ ዛሬ የቀሩት ጎልማሶች 500 ያህል ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ይኖራሉ። በየትኛውም አገር መካነ እንስሳት አይረባም።

ለቀበሮዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ የሚዋጥ ክትባት ይሰጣል። ሥራው ያስመሰግናል፤ ሆኖም በሽታው የሚመጣበትን በር አይዘጋም። በሩ የእረኛው ውሻ ነው። ደጋ ላይ ከብት ይዞ የሚያድር ሰው ጅብን የሚከላከለው በውሻ ስለሆነ፣ «ውሻህን አስወግድ» ማለት ከቢሮ ወንበር ላይ ብቻ የሚቀል ምክር ነው። ውሻው ደግሞ ጠግቦ ስለማያድር ጥምብ ፍለጋ ሲዞር ከቀበሮው ግዛት ይገባል።

የሚያዋጣው ውሻውን መከተብ ነው። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ተጠቃሚው ቀበሮ ብቻም አይደለም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መድኃኒት የሌለው ይህ በሽታ በያዘው ውሻ ከሚነከሱት ሰዎች ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። እስካሁን በባሌ ይህን ሸክም በአመዛኙ የተሸከመው እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው፣ በውጭ ገንዘብ የሚደገፈው የኢትዮጵያ ተኩላ (ቀይ ቀበሮ ማለት ነው) ጥበቃ ፕሮግራም ነው። የውጭ ገንዘብ የቆመ ዕለት ምን ሊኮን ነው?

ደንብ አክብሮ መኖር ለደጋው ሰው እንግዳ አይደለም። የመንዝ ገበሬ ጓሳ የተባለውን የጋራ ደጋ ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ ቄሮ በተባለ ባህላዊ የግጦሽ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ ጠብቆታል፤ ቀበሮውም ዛሬ ድረስ እዚያ አለ። የጎደለው የመንግሥት ድርሻ ነው። የከብት ክትባት ቡድን ወደ ደጋ ቀበሌዎች በወጣ ቁጥር የውሻ ክትባትም ይያዝ፤ ወጪው በወረዳው መደበኛ በጀት ይግባ፤ ያልተከተበ ውሻ ተለይቶ እንዲታወቅ የተከተበው ሁሉ አንገቱ ላይ ምልክት ይታሰርለት።