በወርቅ የተለበጠ ሳቅ

የጎረቤቴ ልጅ ለፈተና የእንግሊዝኛ ቃላት ይሸመድዳል። ቅዳሜ ከሰዓት እነሱ ቤት ቡና ተጠርቼ ገና ከመቀመጤ ደብተሩን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ኢኖሬት ምን ማለት ነው?»

ከእኔ አፍ ደግሞ «አላውቅም» አይወጣም። ስልኬን ጠረጴዛው ሥር ደብቄ ሰረቅ አድርጌ አየሁ። በወርቅ መለበጥ ማለት ነው። ከላቲን የመጣ ነው፤ በላቲን ወርቅ «ኦሩም» ነው። ኬሚስትሪ ላይ የወርቅን ምልክት «ኤ ዩ» ብለን የሸመደድነውም ከዚያው ነው። እንግሊዞቹ ለዚህ ሥራ «ጊልድ» የምትል አጭር ቃል ስላለቻቸው ኢኖሬትን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። መዝገበ ቃላት ውስጥ ተኝታ ትከርምና የእኛን ልጆች ልታስጨንቅ ትነሳለች።

«ምሳሌ ስጠኛ።»

«ሙሴ ታቦቱን ኢኖሬት አስደረገው» አልኩት። ሌላ ከየት ላምጣ? ዘጸአት 25 ላይ ታቦቱ ከግራር እንጨት ይሠራ ይልና በውስጥም በውጭም በጥሩ ወርቅ እንዲለበጥ ያዛል። በውስጥም! የዛሬ ኮንትራክተር ቢሆን ኖሮ «ውስጡን ማን ከፍቶ ያየዋል?» ብሎ ወርቁን ለራሱ ያስቀር ነበር። እኛ ሰፈር ፊቱ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንጻ አለ። ሊፍቱ ከተመረቀበት ቀን ወዲህ አልሠራም። ውኃ በጀሪካን ይወጣል።

መለበጥ ርካሽ መሆኑ ነው ያጠፋን። አንድ ግራም ወርቅ በደንብ ሲቀጠቀጥ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ይህቺን የቡና ጠረጴዛ አልብሶ ይተርፋል ማለት ነው። የሙሽራ ቅብ ሐብል ላይ ያለችውማ ስሟ እንጂ ራሷ የለችም። ጫጉላው ሳያልቅ መዳቡ ብቅ ይልና አንገት አረንጓዴ ይሆናል። ሚዜዎች ሁሉ ያዩታል፤ አንዷም አትናገርም።

«ታዲያ ሰምና ወርቅስ?» አለኝ ልጁ። ጎበዝ ነው። እዚያ እኮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወርቁ ከሥር ነው፣ ሰሙ ከላይ። አንጥረኛው ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በቦታው ወርቅ ያፈሳል፤ ቅኔውም ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። ወርቁን ደብቀው ሰም ያሳዩ የነበሩ ሰዎች ልጆች፣ ሰሙን ደብቀን ወርቅ እናሳያለን።

«ለበጠ ያልከው ግን የለበጣ ሳቅ የሚባለው ነው?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። በዕድሜዬ ሙሉ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየሁም ነበር። የለበጣ ሳቅ ይታወቃል። ጥርስ ይወጣል፣ ዓይን ግን እቤቱ ይቀራል። ከንፈር ላይ ብቻ የተቀባ ነው፤ ውፍረቱም ከሐብሉ ቅብ አይበልጥም። እንግሊዞች ቃላቸውን መዝገበ ቃላት ውስጥ ቀበሩት፣ እኛ ፊታችን ላይ ይዘነው እንዞራለን።

ይህን ሁሉ ስተነትን ቡናዬ ቀዘቀዘ። እናቱ ጓዳ ነበረች። በቀዝቃዛ ቡና ከምታዝንብኝ ብዬ ሲኒዬን ቀስ ብዬ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተትኩት። ሲኒው ለእኔ ክብር ከቡፌ የወጣ ነው፤ አፉ ዙሪያውን በወርቅ የተቀለመ። ቁልፉን ስጫን ጣጣጣ አለ። ሰማያዊ ብልጭታ በሲኒው አፍ ላይ እንደ ችቦ ዞረ። ቅብም ብትሆን ብረት ናት ለካ!

እናትየው ሮጣ መጣች። ወርቁ ቦታ ቦታው ላይ ጠቁሯል። ሲኒውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ጥርሷን አወጣች።

«ኧረ ምንም አይደል፣ ዕቃ እኮ ነው!»

ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ኢኖሬት?»