ፊደል መቁጠርና ማንበብ ለየቅል ናቸው

ኧረ እስቲ ስሙኝ! ደሴ አካባቢ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቹ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» እንደ ዘፈን ያወርዱታል። «ከ»ን ከመሃል ነጥዬ «ይህ ማን ነው?» ስል ግን ጸጥ። አንዷማ ከ«ሀ» ጀምራ በጣቷ እየቆጠረች ወረደች። ደረሰችና «ከ!» አለች፣ በኩራት። እንዲህ እያለች «ከበሮ»ን መቼ ልታነብ ነው?

33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው። ቨንና ዲቃሎቹን፣ እነ «ቋ»ን፣ ሳንቆጥር። ካዕቡስ፣ ሁለተኛው ቅርጽ፣ እነ «ሉ»፣ ደግ ነው፣ ቅጥሉ ጎኑ ላይ ነው። ሳድስ፣ ስድስተኛው፣ ግን ጸባይ የለውም! ል፣ ም፣ ር፣ ሁሉም በየራሱ መንገድ ይሄዳል። ይህን እንዴት እንደማስተምር ኮሌጅ ማንም አላሳየኝም። ንድፈ ሐሳብ ግን ጠግቤ ነው የወጣሁት።

የሚያበሽቀኝ፣ የቄስ ትምህርት ቤቱ ነገሩን ድሮ ማወቁ ነው። የኔታ ሀሁን ካስጨረሱ በኋላ አቡጊዳን ያመጣሉ፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ቅደም ተከተሉ ሲበጠበጥ ሽምደዳ አያድንም። ንባቡም ራሱ ደረጃ አለው፤ ከቀስታው ግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ፣ ከዚያ ወደ ቀልጣፋው ቁም ንባብ። እኛ ጋ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ ይታደልና «ሪፖርት አምጡ» ይባላል።

ወላጅም ይመጣል። «ቲቸር፣ ልጄ ፊደል ጨርሷል፤ ምን ቀረው?» ወላሂ፣ ምን ልበለው? ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ ሲገባ የሚያየው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ቻርት ነው። አንድ ልጅ ጠርቶ አንዲት መስመር አስነብቦ አያውቅም።