በረዶውን አመድ የሚያደርግ ስልክ

ዛሬስ ካልተናገርኩት ያንቀኛል። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረው በረዶ እንደ ባዘቶ ምድሩን ሸፍኖት ሰማዩም ጥርት ብሎ ስለነጋ፣ ማንም ሳይረግጠው ልድረስ ብዬ ገና ጎህ ሲቀድ ወጣሁና ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ድረስ ቆሜ ፎቶ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው የጠበቀኝ ግን እርጥብ ሲሚንቶ የሚመስል ሜዳ ነው። አንዱ ፎቶ ብቻ ቢሆን እጄ ስቶ ነው ብዬ በተውኩት ነበር፤ አርባ ሰባቱም እንዲያው ናቸው። አመዳይ የሚለው የቆየ ቃላችን ከአመድ ጋር የሚቀራረበው የእኔን ስልክ አስቀድሞ ያየ ሰው አውጥቶት ነው ወይ እስከማለት ደርሻለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ንዴት በኋላ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የተቃኘው ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው፣ ማለትም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን ብቻ ይመልሳል በሚል ግምት ነው። አዲስ የወረደ በረዶ ደግሞ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ይረጨዋል። ስለዚህ ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛበት መስሎት ይደነግጥና ሁሉንም ወደለመደው ግራጫ ጎትቶ ያወርደዋል። ሰውን በፊቱ የሚያውቅ፣ ድመትን ከውሻ የሚለይ፣ ሳህን ባየ ቁጥር ሳይጠየቅ ቀለም የሚያደምቅ ስልክ፣ በረዶን በረዶ ብሎ መቀበል ምን እንደሚከብደው ሊገባኝ አልቻለም።

መፍትሔው ቀላል ነው ይሉኛል፤ ስክሪኑን ነካ አድርገህ የፀሐይዋን ምልክት ወደላይ መግፋት፣ ብርሃኑንም ከአንድ እስከ ሁለት እርከን መጨመር። ቀላል የሚሆነው ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። ስክሪኑ የሚሰማው የጣትን ኤሌክትሪክ ስለሆነ ተራ ጓንት ለብሶ መንካትና አለመንካት አንድ ነው። ጓንቴን በጥርሴ ስቤ አውልቄ ምልክቷን ልገፋ ስል ከቅርንጫፍ የረገፈ የበረዶ ብናኝ ስክሪኑ ላይ ቀልጦ እንደ ሌላ ጣት ይቆጠራል፤ ትኩረቱም ወደማላውቀው ጥግ ይሄዳል። ከሁሉ የከፋው ግን በዚያ ነጸብራቅ መካከል ስክሪኑ ጨርሶ አለመታየቱ ነው። ምን ያህል እንደጨመርኩ የማውቀው ቤት ስገባ ነው፤ ያም ባትሪው ከቆየልኝ ነው፤ ብርድ የባትሪውን ውስጣዊ አሠራር ስለሚያዘገየው አርባ በመቶ እያሳየ በድንገት ድርግም ይልና ኪሴ ውስጥ ሲሞቅ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይነሳል።

አንዲት ወፍ በረዶው ላይ ተራምዳ ነበር። ሦስት ሦስት ጣት ያለው ቀጭን ዱካ ስድስት እርምጃ ያህል ይሄድና ድንገት ይቆማል፤ በግራና በቀኙ ደግሞ ስትነሳ የክንፎቿ ጫፍ የጠረገው፣ ማራገቢያ የመሰለ ስስ ጭረት አለ። በመጀመሪያው ፎቶ ዱካው ይታያል፣ በረዶው ግን አመድ ነው። በሁለተኛው ብርሃኑን ጨመርኩ፤ በረዶው ነጣ፣ ወፏም ከነዱካዋ ጠፋች። በተለመደው የጄፔግ ፎቶ እያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ያለው 256 የድምቀት ደረጃ ብቻ ነው፤ ነጩ ከመጨረሻው ደረጃ አንዴ ካለፈ እዚያ ቦታ ላይ የሚመለስ ነገር የለም፤ አጨልመዋለሁ ቢሉ የሚያገኙት ዱካውን ሳይሆን ባዶ ግራጫ ነው። ለዚህ ነው አመዱን ፎቶ ይዤ በረዶውን ቀስ በቀስ ለማንጣት የተቀመጥኩት።

የሰማያዊው ጣጣ የመጣው ያኔ ነው። በጠራ ቀን በረዶ ላይ የሚያርፍ ጥላ በእርግጥም ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይ ስለማታገኘው የሚያበራው ሰማዩ ብቻ ነውና። ስልኩ ግን ልክ አያውቅም፤ ወይ ሜዳውን በሙሉ ሰማያዊ ይነክረዋል፣ ወይ ጥላውን ለማጽዳት ሲል ፀሐይ ያረፈበትን ክፍል እንደ አሮጌ ወረቀት ቢጫ ያደርገዋል። ሙቀት የሚለውን መቆጣጠሪያ ወደ አንድ ጎን ብስበው ዛፉ ይበላሻል፣ ወደ ሌላው ብስበው ሰማዩ። እኩለ ሌሊት አልፎ፣ በረዶው እንደምንም ነጭ ሆነልኝ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው ሸሚዝ የሚያነጡበት ሰማያዊ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። ለካ ስክሪኔ ዓይን እንዳይጎዳ በሚል ማታ ማታ በራሱ ወደ ቢጫ ይለወጥ ኖሯል፤ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳርም ያደርኩት የፎቶውን ሳይሆን የስክሪኑን ቀለም ነው። (ይህኛውን ጥፋት እንኳ በራሴ እወስዳለሁ።)

እንደገና ጀምሬ አስተካክዬ ለጠፍኩት። የመጀመሪያው አስተያየት «ኢዲት የተደረገ ፎቶ እውነት አይደለም» የሚል ነበር። ዊልሰን ቤንትሊ የሚባለው በአሜሪካ የቨርሞንት ግዛት ገበሬ በ1885 ካሜራውን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጣምሮ የአንዲት የበረዶ ቅንጣት ፎቶ አነሳ፤ በዕድሜው ከ5000 በላይ እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ሠርቷል። እሱም ቅንጣቷ ከጥቁር መደብ ላይ ጎልታ እንድትታይ ዙሪያዋን ከኔጋቲቩ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ ከሚታይበት የፎቶው መነሻ፣ ላይ በስለት ይፍቅ ነበር። እኔ ከዚያ የሚበልጥ ምን አደረግሁ? ዓይኔ ያየውን ነጭ ስልኬ ስለወሰደብኝ መልሼ ቦታው አኖርኩት እንጂ ያልነበረ ነገር አልጨመርኩም።

ያልተነካውን አመድ የመሰለ ፎቶ ደግሞ ለአንድ ወዳጄ በስህተት ልኬለት ኖሮ ማምሻውን መልስ ጻፈልኝ፤ «እንዴት ያለ ደስ የሚል ጭጋግ ነው!»